የአሰልጣኝ በላቸው ስንብት

በበርበሬ ወቅት በቡታጅራ ገበያ በኩል ያለፈ ሰው ሳያስነጥስ አይወጣም። ከወልቂጤ ተነስቼ በአረቅጥ በኩል ደጋውን ያቋረጥኩበት ሚኒባስ ገበያው ጥግ ሲያራግፈኝ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነበር፤ ደረቅ፣ ቀይ፣ ጉሮሮ ላይ ቆሞ አላሳልፍ የሚል ሽታ። የመጣሁት ለለቅሶ ነው። ድንኳኑ ጋ ስደርስ ዓይኖቼ ቀልተው እንባዬ ይወርድ ስለነበር፣ በር ላይ ቆመው ሰው የሚቀበሉ አንዲት ሴት ክንዴን ይዘው “አይዞዎት፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ወንድምዎ ናቸው?” አሉኝ። “አይደሉም” አልኩ። በርበሬው ነው ማለት ግን ነውር መስሎ ታየኝና ዓይኔን እየጠረግሁ ገባሁ። በሕይወቴ ከደረስኩባቸው ለቅሶዎች ሁሉ ያማረልኝ ይኼኛው ሆነ።

የሞተው አሰልጣኝ በላቸው ነው። በቡታጅራ ስሙን ለብቻው የሚጠራው ሰው አልነበረም። የከተማውን የእግር ኳስ ቡድን ያሠለጠነው አንድ ዓመት እንኳ ለማይሞላ ጊዜ፣ ያውም የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቢሆንም፣ እስከ ዕለተ ሞቱ “አሰልጣኝ” እንደተባለ ኖረ። የበርበሬ መጋዘን ሠራተኛ ሆኖም አሰልጣኝ፣ አርጅቶ በከዘራ ሲሄድም አሰልጣኝ። ድንኳኑ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ስለሱ ያወራሉ። “እንደሱ ያለ አሰልጣኝ ከዚያ ወዲህ አላየንም” ይላል አንዱ። “ከየት ይመጣል” ይላል ሌላው። ከዕድሜያቸው ስገምት፣ ሁለቱም ያኔ ሜዳው ዳር ቆመው “ይውጣ” እያሉ ከጮኹት ውስጥ መሆን አለባቸው። ከተማው በሙሉ ነበር የጮኸው። በእኛ አገር ሞትን የሚያህል አሰልጣኝ የለም፤ ተራውን ተጫዋች ሁሉ በአንድ ቀን ኮከብ ያደርገዋል።

አሁን በምኖርበት በወልቂጤ ሰኞ ሰኞ ጠዋት፣ ባጃጅ መቆሚያው ጋ አንድ የእንግሊዝ አሰልጣኝ ሳይባረር አይውልም። “ሰውዬው አልቆለታል፣ ይባረር” ይላል አንዱ ሹፌር መሪውን እንደጨበጠ። “በቃ ይባረር፣ ሼም ነው” ይላል ሌላው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው “ፋዘር፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?” ይሉኛል። “ምን አጠፋ?” ስላቸው ይሳሳቃሉ። “ፋዘር ኳስ አያዩም መሰለኝ።” ሌሎች የኔ ዘመን ሰዎች በዚህ ቃል ያዝናሉ፤ ወጣቱ አፉን አበላሸ፣ ክብር ጠፋ፣ ሰውን እንደ ውሻ “ይባረር” ይባላል ወይ ይላሉ። እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ከባጃጅ ሹፌሮቹ ጋር ነኝ። እንዲያውም በአማርኛ ካሉን ቃላት መካከል “ማባረር”ን የሚያህል ንጹሕ ቃል ያለ አይመስለኝም። ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ቡታጅራ ገና አቧራ ወደነበረችበት ዘመን መመለስ አለብኝ።

ያኔ ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ የመጣሁ አዲስ የአማርኛ መምህር ነበርኩ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ ኮረኮንች ስለነበር ከአውቶቡሱ የሚወርደው ሰው ሁሉ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ዋናው መንገድ ዳር ካሉት ሻይ ቤቶች በአንዱ፣ ከሰሌዳ ላይ የተረፈ ጠመኔ እጄ ላይ እንዳለ፣ በሃያ አምስት ሳንቲም ሻይ እጠጣለሁ፤ ደመወዝ ሰሞን ፓስቲ ይጨመርበታል። ፊት ለፊቱ ካሴት ቤት ነበር። ባለቤቱ የወደደውን አንድ ዘፈን ካሴቱ እስኪላላ ድረስ ስለሚያጫውት፣ ክረምት ሊገባ ሲል ዘፋኙ ሰክሮ የሚዘፍን ይመስል ነበር። ወጣቱ ጉልበቱ ላይ የሳሳ ጂንስ ይለብሳል፤ አስተማሪው እንደ እኔ ክርኑ የሚያብለጨልጭ ኮት። ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው ለመሄድ ባጃጅ የለ፣ ሁሉም በእግሩ ነው፤ በእግር ሲኬድ ደግሞ ሰላምታው ከመንገዱ ይረዝማል። “አሰላሙ አለይኩም”፣ “እንዴት አደራችሁ”፣ የእናት የአባት፣ የከብቱ፣ የእንሰቱ ጤንነት ይጠየቃል። ዛሬ አስፋልቱ አለ፣ ሰላምታው ግን ወደ ክላክስ ተለውጧል። ይህን የምለው ያ ዘመን ይሻል ነበር ለማለት አይደለም። ያ ዘመን ቁንጫም ነበረው።

ኳስ ነበር፤ ከሁሉ በላይ የመስቀል ኳስ ነበር። ጉራጌ አገር ውስጥ ለመስቀል የማይመለስ ልጅ የሞተ ወይም የታሰረ ነው። አዲስ አበባ ሱቅ የሚጠብቀው፣ ቆርቆሮ የሚሸጠው፣ ልብስ የሚሰፋው፣ በየክለቡ ሁለተኛ ቡድን ውስጥ የሚራገጠው ሁሉ በመስከረም ይመጣና ሜዳው ይሞላል። ከእነዚህ ውስጥ ቡድን ይወጣ ነበር። ማንም አይሰበስባቸውም፤ ማንም አያሰልፋቸውም። ጠዋት ሲፈልጉ ይመጣሉ፣ ጫማ ይዋዋሳሉ፣ ከዚያ የጎረቤቱን ከተማ ሁሉ በጎል ያንበሸብሹታል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሜዳውን ከብቦ በእልልታ ያብዳል። በዓሉ ሲያልፍ ደግሞ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ቅቤና ቆጯቸውን አስጭነው ወደ ሱቃቸው ይመለሳሉ። የሚቀረው የሚቀረው ነው፤ ወይ ትምህርቱን ያልጨረሰ ልጅ፣ ወይ አዲስ አበባ ዘመድ የሌለው፣ ወይ እግሩ የታመመ። ዓመቱን ሙሉ የከተማውን ስም ይዞ የሚጫወተው ይኼ ቡድን ነበር። ተመልካቹ ግን ዓይኑ ውስጥ ያለው የመስከረሙ ነው። በጥር የሚሸነፈውን እያየ የመስቀሉን ያስታውስና “ምን ነክቷቸው ነው?” ይላል።

በላቸው የመጣው ከበዓሉ በኋላ ነበር። የቡድኑ ኮሚቴ ከደብረ ብርሃን ፈልጎ አስመጣው፤ ሚስቱንና ልጁን እዚያው ትቶ እሱ አንዲት ክፍል ተከራየ። አጠር ያለ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ነጭ መስመር ያለው ሰማያዊ ቱታ ከሰውነቱ የማይለይ ሰው። ኮርስ ወስዷል፤ መውሰዱንም ይናገራል። ልጆቹን ማለዳ አስነስቶ ወደ ዘቢዳር ተራራ አቅጣጫ ያስሮጣቸዋል፤ ሲመለሱ ኳስ ለመምታት ጉልበት አይተርፋቸውም። ግራ እግረኛውን ቀኝ ያሰልፋል። ለምን ሲባል “እንዲማር ነው” ይላል። ሁለት ለባዶ ስንመራ አጥቂ አስወጥቶ ተከላካይ ያስገባል፤ ሁለት ለሁለት ሲሆን ተከላካዩን አስወጥቶ ሌላ አጥቂ ያስገባል፤ ሦስት ለሁለት ተሸንፈን እንገባለን። ደግሞ እንዲህ ያለም ሰው ነበር፤ ኳሱ ሲቀደድ በወፍራም መርፌ ራሱ ይሰፋዋል፣ ልጅ ሲታመም ወተት ይዞ ቤቱ ይሄዳል፣ ስንሸነፍ ልጆቹን አይሰድብም። ጥፋቱን ሁሉ እሱ ወስዶ ብቻውን በሜዳው መሀል አቋርጦ ይሄድ ነበር። ሕዝቡም በዚያው ይጮህበታል።

ሰኔ ላይ ኮሚቴው ሊፈርድበት ተቀመጠ። እኔ የኮሚቴው አባል የሆንኩት ደብዳቤ መጻፍ ስለምችል እንጂ ኳስ ስለማውቅ አልነበረም። ሻይ ቤት ውስጥ ብንነጋገር ከተማው ይሰማል ተብሎ የተሰበሰብነው በሰብሳቢው በሐጂ ከድር የበርበሬ መጋዘን ውስጥ፣ በጆንያ መሀል ነው። ሐጂ ከድር ትልቅ ነጋዴ፣ ትልቅ ለጋስ፣ ነጭ ቆባቸውን እስከ ቅንድባቸው የሚያወርዱ ሰው ነበሩ። አማርኛን የተማሩት በገበያ ነው፤ ለመግዛት፣ ለመሸጥና ለመመረቅ የሚበቃ አማርኛ ነበራቸው፤ ሁሉንም ሰው “አንተ” ይላሉ፣ በእርሳቸው አፍ ግን “አንተ” ከ“እርስዎ” ይበልጥ ይከብድ ነበር። ከእርሳቸው ቀጥሎ የሚናገሩት አቶ ደምሴ ነበሩ፤ እንደ እኔ ከሰሜን የመጡ፣ ማዘጋጃ ቤት የሚሠሩ፣ በሙቀትም ከረባት የማያወልቁ። የቀሩት አባላት ከሐጂ ጋር ለመስማማት የመጡ ናቸው። በርበሬው ሁላችንንም ያስለቅሰን ጀመር።

“ነገሩ ግልጽ ነው” አሉ አቶ ደምሴ፣ መሀረባቸውን አፍንጫቸው ላይ እንደያዙ። “መስቀል ላይ ማንን ነው ያላሸነፍነው? ከዚያ ወዲህስ ማንን አሸነፍን? ቡድኑን አፍርሶታል።”

“የመስቀሉን ቡድን ማን ነበር ያሠለጠነው?” አልኩ። ሁሉም በአንድ ጎን ሲቆም እኔ ወደ ሌላው ጎን መሄድ ይቀናኛል፤ እግሬ በራሱ ነው የሚወስደኝ።

“ማንም።”

“ታዲያስ። እነዚያ ልጆች አሁን አዲስ አበባ ቆርቆሮ እየሸጡ ነው። ይኼ ሰውዬ የተረከበው የቀሩትን ነው። በሌላ ቡድን እሱን መመዘን ፍርድ አይደለም።”

ሐጂ ከድር እንባቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉ። “መምህር፣ አንተ የተማርክ ነህ። አንድ ነገር ንገረኝ። ያለ አሰልጣኝ እናሸንፋለን፣ በአሰልጣኝ እንሸነፋለን። ታዲያ አሰልጣኝ የሚሉት ሥራው ምንድነው? ወላሂ አልገባኝም።”

ሰው ሁሉ እየሳቀ አስነጠሰ። ከዚያ ወዲህ ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ ለሐጂ ጥያቄ የሚሆን መልስ ግን እስካሁን አላገኘሁም።

“እንግዲያው ይሰናበት” አሉ አቶ ደምሴ። “ማባረር” አላሉም። የቢሮ ሰው ናቸው፤ ቢሮ ሰው አያባርርም፣ ያሰናብታል። “ማን ይንገረው?” ብለው ሐጂ ከድርን ጠየቁ፤ ሰብሳቢ ስለሆኑ እርሳቸው ይንገሩት ተባለ።

“ማሰናበትማ እኔ አውቅበታለሁ” አሉ ሐጂ። “ግን ዛሬ አይሆንም። ሰውዬው ጾም ላይ ነው። ባዶ ሆዱን ሰው አይሰናበትም። ጾሙ ይፈታ።”

ዓይናችን ፍም መስሎ ተከታትለን ስንወጣ በላቸው የሰፋውን ኳስ በብብቱ ይዞ በዚያ ያልፋል። ሲያየን ደንግጦ ቆመ። “ምነው ሐጂ? ማን ሞቶባችሁ ነው?”

“ማንም አልሞተም፣ አልሐምዱሊላህ። በርበሬ ነው።”

“እንዲህ ያስለቅሳል?”

“ያስለቅሳል። ጾም ስትፈታ እኔ ቤት ና። ምሳ አለ።”

“እግዜር ይስጥልኝ ሐጂ” አለና ራሱን ነቅንቆ ወደ ሜዳው ሄደ።

የሰኔው ጾም በተፈታ ማግስት ሐጂ ከድር ግቢ የተደረገውን ምሳ እስካሁን አልረሳሁም። ሁለት በግ ታርዷል። አንዱን ለሙስሊሞቹ የቤቱ ሰው፣ ሌላውን ለክርስቲያኖቹ ከጎረቤት የተጠራ ክርስቲያን ባርኮ አርዶታል፤ ምጣዱም፣ ቢላውም፣ አብሳዩም ለየብቻ ነው። ቆጮው በኮባ ቅጠል ላይ ተቆርሶ፣ ጎመኑና አይቡ በየሳህኑ ተከምሮ፣ ከተማው ውስጥ ሰው የሚባል ሁሉ ተጠርቶ ነበር። በላቸው ቱታውን አውልቆ ሙሉ ልብስ ለብሶ መጣ፤ በቱታ ብቻ ስለማውቀው መጀመሪያ አልለየሁትም። ከበላን በኋላ ሐጂ ተነሱና አዲስ ጋቢ ትከሻው ላይ ጣል አደረጉበት።

“አሰልጣኝ፣ ኮሚቴው ተቀምጦ እናሰናብትህ ብሏል። እኛም ልናሰናብትህ ነው የተሰበሰብነው። ለለፋኸው አላህ ይክፈልህ። መንገድህን ያቅናልህ። ልጅህን ያሳድግልህ። እንጀራህን ያስፋልህ።”

“አሜን” አልን ሁላችን። ከሁላችን ይበልጥ ጮክ ብሎ አሜን ያለው በላቸው ነበር። ቀጥሎ ተነሳና ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለ። “አባቶቼ፣ በተጫወትኩበትም ባሠለጠንኩበትም አገር እንዲህ ያከበረኝ ሰው የለም። ሕዝቡ ሜዳ ላይ ሲጮህብኝ የጠላችሁኝ መስሎኝ ነበር። አሁን ልባችሁን አየሁ። ከእንግዲህ የማደርገውን እኔ አውቃለሁ።” ብሎ ተቀመጠ። አቶ ደምሴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው “አየህ፣ ጨዋ ሰው ነው፣ በሰላም ተቀበለው። እኔ ጭቅጭቅ ያነሳል ብዬ ፈርቼ ነበር” አሉኝ። እኔም ጨዋነቱን አደነቅሁ። የአማርኛ መምህር ነኝ፤ “ማሰናበት” የሚለው ቃል አንዱን ሰው ከሥራ ያስወጣል፣ ሌላውን ክረምት ቤተሰቡን ጠይቆ እንዲመጣ ይሸኛል። ይህን በሰሌዳ ላይ ጽፌ ማስተማር እችል ነበር። ምሳው ላይ ግን ሥጋ እየበላሁ ነበር። ሐጂ ሁለቱንም ትርጉም አንድ ላይ ተናገሩ፤ በላቸው አንዱን ሰማ።

ክረምቱ አለፈ። መስከረም ላይ አውቶቡሶቹ የአዲስ አበባን ልጆች ማራገፍ ጀመሩ፤ ሜዳው ሞላ፤ አዲስ የተቀጠረው አሰልጣኝ፣ ከሐዋሳ የመጣ ቀጭን ሰው፣ ፊሽካውን ይዞ መስመሩ ዳር ይንጎራደዳል። እኔ ባሕር ዛፎቹ ጥላ ሥር ቆሜ ሳይ አንድ አይሱዙ ከሜዳው ጥግ መንገድ ዳር ቆመ። የቤት ዕቃ ጭኗል፤ የብረት አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ጀሪካን፣ ማሰሮ። ፍራሹ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ተቀምጣለች። ከሹፌሩ ጎን ሻሽ ያሰረች ሴት አለች። በላቸው ከላይ ዘሎ ወረደና እየሮጠ ወደ እኔ መጣ፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን።

“መምህር፣ እንዴት ከረሙ? ክረምቱን ሙሉ ከባለቤቴ ጋር ስንመክር ነበር። እንዲህ ያከበረንን አገር ትተን የት እንኖራለን አልኳት። የኪራይ ቤቱን ለቀቅን፤ የእሷንም ጉሊት ለእህቷ ተውን። ይኸው ጓዛችንን ጠቅልለን መጣን።” ከዚያ ወደ ሜዳው ዞረ። ቀጭኑን ሰው በፈገግታ ሲያየው ቆየ። “ያ ፊሽካ የያዘው ረዳቴ ነው? ጥሩ አርጋችኋል። ብቻዬን ከብዶኝ ነበር።”

በዚያች ሰዓት ካነበብኳቸው መጻሕፍት አንዳቸውም አልደረሱልኝም። “ሐጂን ብናገኛቸው ይሻላል” አልኩት።

ሐጂ ከድር ከአቶ ደምሴ ጋር ጎሉ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲያዩት ደስ ብሏቸው ተነሱ። “አሰልጣኝ፣ በሰላም ነው? ለበዓል መጣህ?”

“በሰላም ነው ሐጂ። ቤተሰቤን ይዤ መጣሁ።”

“ወዴት?”

“ወደዚህ ነዋ።”

ሐጂ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ መንገድ ዳር የቆመውን መኪና አዩ። “አሰናብተንህ የለም እንዴ?”

“አሰናብታችሁኛል እንጂ። እግዜር ያክብርልኝ። ይኸው ተመለስኩ።”

ማናችንም አልሳቅንም። አቶ ደምሴ ከረባታቸውን አስተካክለው “በምሳው ላይ በግልጽ ተነግሮታል፤ ኮሚቴው ወስኗል ተብሏል” ማለት ሲጀምሩ በላቸው ቀስ እያለ ገባው። ፊቱ ላይ ሲገባው አየሁት፤ ሰው ተንሸራትቶ ሲወድቅ እንደማየት ነበር። አልተቆጣም። ሐጂን በእውነት ማወቅ እንደፈለገ ሰው ጠየቃቸው። “ሐጂ፣ ሰው ለማባረር ሁለት በግ ይታረዳል?” ያን ቃል መጀመሪያ ያወጣው እሱ ራሱ ነው። ሐጂ ከድር ወንበራቸውን ትተው ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። በዚያው ቅጽበት ሜዳው ላይ ጎል ገባ፤ እልልታው ቀለጠ፤ ከኋላችን አንዱ “አሰልጣኝ ማለት ይኼ ነው” ብሎ ጮኸ። በላቸው ወደ ሜዳው ዞረ። ተጫዋቾቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ ካየ በኋላ “ግራውን ግራ አሰለፈው” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከመኪናው ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማርና ዘነበች፣ “የትዕግስት አባት፣ የት ነው የምናወርደው?” ብላ ተጣራች። ሹፌሩ ቸኩሏል። ሐጂ ተነሥተው ከመጋዘናቸው ጀርባ ያሉትን ሁለት ክፍሎች አስከፈቱ፤ “ለጊዜው” አሉ። በላቸው መጋዘኑን መጠበቅና ጆንያ መመዘን ጀመረ፤ ያም ለጊዜው ነበር። ወደ ደብረ ብርሃን እንዳይመለስ ቤትም ጉሊትም የለም፤ ሲነሣ ደግሞ ቡታጅራ ምን እንዳደረገችለት ለአገሩ ሰው ሁሉ ነግሯል። ለጊዜው የተባለው ዕድሜ ልክ ሆነ። ከሐዋሳ የመጣው ቀጭኑ አሰልጣኝ በቀጣዩ ሰኔ ተራው ደረሰ፤ ልጆቹ ቆርቆሯቸው ጋ ተመልሰው ነበርና። ሐጂ በሐዘን ሌላ ምሳ ሊያስቡ ሲሉ አቶ ደምሴ መንገድ ላይ አስቁመው “ተባረሃል” አሉት። ሰውዬው ሰደበን፣ የበረኛውን ጓንት ሳይመልስ በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄደ፤ በኋላ ሌላ ቡድን ይዞ ደህና እንደኖረ ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ በላቸው ይመለስ ብዬ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። “ያን ሁሉ ምርቃት ከመረቅነው በኋላ?” ተባልኩ።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት፣ እኔ ወደ ወልቂጤ ተዛውሬ እስክሄድ፣ በላቸውን የማየው ማታ ማታ ጸሐይ ሲበርድ ነበር። መጋዘኑን ዘግቶ፣ ሰማያዊ ቱታውን ለብሶ፣ ሜዳው ዳር ይቆማል። ስለ ጨዋታው ቃል አይተነፍስም። ልጆቹ “አሰልጣኝ፣ ሰላም ነው?” ብለውት ያልፋሉ። ሰማያዊው ከመታጠብ ብዛት ወደ አመድነት ሄደ፤ ከበርበሬው የተረፈ ቀይ ግን ከእጅጌው አልለቅ ብሎ ነበር። ዘነበች ስትሞት ለሐዘኑ ሦስት ቀን ቀረ፤ በአራተኛው ተመልሶ ቆመ።

ለብዙ ዓመት ይህን ታሪክ ሳወራ የምደመድመው በላቸው ተበድሏል ብዬ ነበር። የመስቀሉ ቡድን፣ የቀሩት ልጆች፣ በሌላ ሰው ሚዛን መመዘን። ይኼ ሁሉ እውነት ነው። ግን ዕድል የጎደለው ሰው ሁሉ ችሎታ አለው ማለት አይደለም፤ እኛ የተማርን ሰዎች ይህን ሁለቱን ማምታታት እንወዳለን፣ ደግ ያስመስለናል። የቀሩትን ልጆችም ይዞ ቢሆን ግራውን ግራ ማሰለፍ ይቻል ነበር። መባረር ይገባው ነበር። ያልተገባው ስንብቱ ነው። አንድ ሰው በፊቱ ቆሞ ክፉ ቃል ቢናገረው ኖሮ ይሰድበን፣ ያለቅስ፣ በማግስቱ አውቶቡስ ይሳፈር ነበር። እኛ ግን ክፉ ላለመሆን ብለን ሁለት በግ አረድን።

ይህን እያሰላሰልኩ ድንኳኑ ውስጥ ሳለሁ ልጁ ትዕግስት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ያኔ ፍራሹ ላይ የነበረችው ልጅ አሁን አርባ የሚጠጋት፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። ጥቁር ነጠላዋን አጣፍታ ለብሳለች።

“መምህር፣ ከወልቂጤ ድረስ መጡ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባዬ ያኔ እርስዎ ብቻ እንደተከራከሩለት ይነግረን ነበር።”

“ማን ነገረው?”

“ሐጂ ነግረውት ነው፣ አላህ ይማራቸው።” ወደ ድንኳኑ በር ዞር ብላ አየች። “እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚያወራው ያን ምሳ ነበር። ሁለት በግ፣ ለሱ ተብሎ ለብቻው የተባረከው። ‘በዚህ አገር እንዲህ የተደረገለት መጤ የለም’ ይላል። ስለ መኪናው ግን አያወራም። እኔ የማስታውሰው መኪናውን ነው። ሰዎች የእማዬን ማሰሮ ቆመው ሲያዩ።”

ፊት ለፊታችን ያሉት ሁለቱ ሰዎች አሁንም ስለ ታላቁ አሰልጣኝ ያወራሉ፤ አንዱ በላቸው አሸንፎት የማያውቀውን ጨዋታ በላቸው እንዴት እንዳሸነፈው ለሌላው ይተርክለታል።

“አንድ ነገር ልጠይቅዎት” አለች ትዕግስት። “ዛሬ የሚሰማው ሁሉ ምስጋና ነው፤ ለቅሶ ስለሆነ። እርስዎ ግን ያዩትን ይንገሩኝ። መባረር ይገባው ነበር?”

ሌላ ቀን ቢሆን ስለ መስቀሉ ቡድን እተርክላት ነበር። ዓይኗን ሳይ የጠየቀችኝ ለመጽናናት እንዳልሆነ ገባኝ።

“ይገባው ነበር” አልኳት።

አልደነገጠችም። የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች፣ ፈታች። “እማዬም እንደዚያ ትል ነበር። ማታ ቱታውን ለብሶ ሲወጣ በመስኮት እያየችው ‘ኳሱንስ አያውቅበትም’ ትለን ነበር።”

“ለእሱስ ብላው ታውቃለች?”

“ለእሱማ ማን ይነግረዋል” አለች ትዕግስት።

ከገጠር የመጡ ለቀስተኞች “አሰልጣኜ፣ አሰልጣኜ” እያሉ ድንኳኑ በር ላይ ደረሱ። ልትቀበላቸው ተነሣች።